የ1965 ቢትልን በየቀኑ ለመንዳት ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል ገዝተዋል። ሞተሯ ደህና ነው፣ ቀለሟ ደብዝዟል፣ ውስጧ ግን እንደ ፋብሪካው ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ሊሄዱባት፣ የ5 እና የ8 ዓመት ልጆቻቸውንም ትምህርት ቤት ሊያደርሱባት አስበዋል። ወንድማቸው የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ሳህን መሰል ብረት ከሁለት ጎን ተጨምቆ ወደሚያዝበት ፍሬን) ለውጥ፣ ሰፋፊ ጎማም ግጠምባት ይላቸዋል፤ ጓደኛቸው ደግሞ አንዲት ብሎን ብትነካ ዋጋዋ ይወርዳል ባይ ነው። ገንዘባቸው ሁሉንም ለማሠራት ስለማይበቃ ከየት ልጀምር፣ ልጆቼንስ ልጫንባት ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

መልሴን ከድምዳሜው ልጀምርልዎ። ገንዘብዎን መጀመሪያ መኪናዋን በሚያቆማት ላይ ያውጡ፤ ቀጥሎ መሬት በሚይዘው፣ ከዚያ እርስዎን መቀመጫዎ ላይ በሚያስቀርዎ፣ ከዚያም እሳት ሊያስነሳ በሚችለው ላይ። ቀለምና የመቀመጫ ልብስ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳሉ። ወንድምዎና ጓደኛዎ የሚከራከሩበት ጉዳይ፣ ማለትም እንዳለች ትቆይ ወይስ ትሻሻል የሚለው፣ በእኔ እይታ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። 60 ዓመት የሞላው የፍሬን ቱቦ የፋብሪካ ዕቃ ስለሆነ ብቻ ሊከበር አይገባውም፤ ባልታደሰ ማስተር (የእግርን ግፊት በዘይት ወደ ጎማዎቹ በሚልከው የፍሬን ፓምፕ) እና ባረጀ ቱቦ ላይ የተገጠመ አዲስ ዲስክም ቢሆን መኪናዋን አያቆማትም።

በ1965 ቢትል አራቱም ጎማዎች የሚያዙት በታምቡር ፍሬን ነው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ መሰል ብረት ሸራ የሚባለው ማገጃ ከውስጥ እየተጫነ ያቆመዋል፤ የፍሬን ማስተሩም ለአራቱ በጋራ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቱቦ ቢበሳ ወይም የአንዱ ጎማ ሲሊንደር ጎሚኒ ቢያልቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ አራቱም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የፊቱንና የኋላውን የሚለያየው ባለ ሁለት መስመር ማስተር በአሜሪካ ለመንገደኛ መኪኖች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1968 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። የእርስዎ መኪና ከዚያ በፊት ስለተሠራች ያላት መጠባበቂያ የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እርሱ በገመድ እንጂ በዘይት ስለማይሠራ መስመሩ ቢፈስም የኋላ ጎማዎችን ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው መኪና ከቆመ በኋላ ብቻ የሚያስታውሰው ይህ ገመድ ወጥቶ ይታይ፣ የዛገ ወይም ሽቦው መበጣጠስ የጀመረ ከሆነም ይቀየር። እርስዎም ባዶ ሜዳ ፈልገው፣ በዝግታ እየነዱ፣ የመልቀቂያውን ቁልፍ በአውራ ጣትዎ ተጭነው እንደያዙ፣ በእጅ ፍሬን ብቻ ማቆምን ይለማመዱ። ቁልፉን መጫን ያስፈለገው ማንሻው ተቆልፎ እንዳይቀርና የኋላ ጎማዎቹ መንሸራተት ሲጀምሩ ወዲያው መልቀቅ እንዲችሉ ነው።

ታምቡሮቹ ሲከፈቱ አጠገብ ቢቆሙ ጥሩ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በውስጡ የተጠራቀመው ብናኝ በኮምፕረሰር አየር አይነፋ፤ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ርሶ ይጠረግ። ከዚያ መካኒኩ በጎማው ሲሊንደር ጫፍ ላይ ያለችውን የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ በትንሽ ካቻቢቴ ገለጥ አድርጎ ያሳይዎ። ከሥሯ ደረቅ ከሆነ መልካም ነው። እርጥበት ከታየ ግን፣ ዘይቱ ገና ሸራውን ባይነካም፣ ያ ሲሊንደር ሥራውን ጨርሷል፤ አንዱ ካለቀ ሌሎቹም ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይሻላል። የኋላውን ታምቡር የሚይዘው 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ተመልሶ ሲታሠር ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል መጥበቅ አለበት፤ ይህ በእጅ ግምት የሚደረስበት ልክ አይደለም። ላልቶ ከቀረ የአክስሉንና የታምቡሩን ጥርስ እየበላ ይሄዳል፤ ይባስ ብሎ መቆለፊያ ፒኑ ተረስቶ ዳዶው ከወጣ ጎማው ከነታምቡሩ ተነቅሎ ይሄዳል።

በጣም የሚያሳስተው ግን ከላስቲክ የተሠራው የፍሬን ዘይት ቱቦ ነው። ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ በእግር ጉልበት ዘይቱ ያልፋል፤ ሲለቀቅ ግን የመመለሻ ሞላው ጉልበት ደካማ ስለሆነ ዘይቱ ቶሎ አይመለስም፣ ሸራውም ታምቡሩን እንደያዘ ይቀራል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ሲያቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ ከጎኑ ካለው ጓደኛው በጣም የሚሞቅ ካለ፣ ወይም ፍሬን ሲይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ቱቦ ነው። ቱቦ ከሁሉም ክፍሎች ርካሹ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘለልበት ምክንያት አይገባኝም።

ሌሎቹን ምልክቶች ከፔዳሉ ያገኛሉ። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አጥብቀው ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ቀስ እያለ ከወረደ፣ ውጭ ላይ ጠብታ ባይታይም፣ ማስተሩ በውስጡ እያሳለፈ ነው። ሲረገጥ ልል ሆኖ የሚመልስ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። በመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ከፍ የሚል ከሆነ ግን ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ይህ ፍሬን ራሱን አያስተካክልም፤ ሸራው በተበላ ቁጥር በእጅ እየተስተካከለ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ባለቤቶች ይህ ፍሬን አይይዝም ብለው ዲስክ የሚያስገጥሙት ይህ ማስተካከያ ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ ብቻ ነው። ዘይቱን በተመለከተ ዶት 4 የተባለውን የፍሬን ዘይት ደረጃ ይጠቀሙ፤ የመፍያ ነጥቡ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ውሃውም መስመሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ሲሊኮን ከሆነው ዶት 5 ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት።

አሁን ወደ ወንድምዎ ሐሳብ ልምጣ። ዲስክ ከታምቡር የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ የሸራው የመያዝ ኃይልም ይቀንሳል፣ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ዲስክ ሲግል ከሸራው አይርቅም፣ ነፋስም በቀጥታ ያገኘዋል። ሆኖም ክብደቷ ከ800 ኪሎ ግራም በታች ለሆነች፣ በሰዓት ከ115 ኪሎ ሜትር ብዙም ለማታልፍ መኪና በሚገባ የታደሰና የተስተካከለ ታምቡር ለዕለት መንገድ ይበቃል። በእርስዎ ቦታ ብሆን ገንዘቡን የማውለው ባለ ሁለት መስመር ማስተር ላይ ነበር። ዲስክ የሚያሻሽለው ፍሬን እየሠራ ሳለ ያለውን አያያዝ ነው፤ ባለ ሁለት መስመሩ ግን ፍሬን ጨርሶ በሚጠፋበት ቀን ግማሹን ያስቀርልዎታል። ለጓደኛዎም የሚሆን መልስ አለ፦ ማስተሩ ምንም ሳይቆረጥና ሳይበየድ የሚገጠም ስለሆነ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ጠቅልለው፣ ስሙን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ወደፊት መኪናዋን እንደ ፋብሪካው ብቻ የሚፈልግ ገዢ ቢመጣ በአንድ ቀን ሥራ ይመልሰዋል።

ሰፊ ጎማን ግን አልደግፍም። ቢትሏ የወጣችው በጠባቡ የ5.60-15 ጎማ ነው፤ በዛሬ ልክ 155/80 አር15 ራዲያል ይስማማታል። የ1965ቷ የኋላ አክስል በመካከሉ ብቻ ታጥፎ የሚወዛወዝ ዓይነት ነው፤ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብተው በድንገት ነዳጅ ቢለቁ ወይም ፍሬን ቢይዙ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ይላል፣ በውጭ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ወደ ሥሯ ይታጠፋል፣ ከዚያ ኋላዋ ያመልጣል። ብዙ የሚቆነጥጥ ሰፊ ጎማ ይህን መነሣት ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። መድኃኒቱ ጎማው ላይ ሳይሆን ከእግርዎ ጋር ነው፦ ከኩርባው በፊት፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳለች፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ኩርባው ውስጥ ደግሞ ነዳጁን ሳይለቁ በልክ ይዞ ማለፍ። የጎማው ነፋስም ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ይሁን፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊቱ ነፋስ ከኋላው በግልጽ ያነሰ ነው፤ አራቱንም እኩል የሚነፋ ጎሚስታ ሳያውቀው ጠባይዋን ይለውጠዋል። ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ በጎማው ጎን ላይ ያለውን አራት አኃዝ ያንብቡ። 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የቆመች መኪና ጎማ ጥርሱ ሳይነካ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ያለፈውን እኔ መንገድ ላይ አላወጣውም።

ወደ ቀበቶ ስንመጣ፣ ዛሬ የምናውቀውን በሦስት ነጥብ የሚታሠር ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ነደፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በቮልቮ መኪኖች ላይ ወጣ፣ ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። መኪናዎ ላይ በወገብ ብቻ የሚታሠር ካለ ወይም ጭራሽ ከሌለ ይህን ያስገጥሙ። በመኪናዋ ላይ ለቀበቶ የተዘጋጀ የብሎን መያዣ ካለ እርሱን መጠቀም ነው፤ ከሌለ በላሜራው ላይ ቀዳዳ በስቶ ብሎንና ሮንዴላ ማሠር አይበቃም፤ ግጭት ሲመጣ ቀጭኑ ላሜራ ይቀደድና ብሎኑ ከነቀበቶው ይወጣል። ከሥሩ ሰፊ የማጠናከሪያ ብረት ሊበየድ ይገባል፤ ወለሉ ወይም የጎኑ ቦይ (ከበሩ ሥር የሚያልፈው ውስጡ ባዶ ብረት) ከዛገ ደግሞ ብየዳው ከቀበቶው መቅደም አለበት። የትከሻው መያዣ ከትከሻዎ ዝቅ ብሎ ከታሠረ በግጭት ጊዜ አከርካሪዎን ወደ ታች ስለሚጫን ከፍታውን ተቀምጠው ይለኩ። መቀመጫውም ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚከለክለው ማቆሚያ መኖሩን ይመልከቱ። የመሪው ዘንግ ከፊት ግጭት ሲመጣ የማይታጠፍ ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ እጅዎ በምቾት እስከደረሰ ድረስ ከመሪው ራቅ ብለው ይቀመጡ። የራስ መደገፊያ የላትም፤ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት አንገትዎ ተጋልጧል።

እሳት በዚህች መኪና ላይ ከሦስት ቦታ ይነሣል ብዬ ብናገር ልምድ ያለው የቢትል መካኒክ ሁሉ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው በነዳጅ ፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ያለው ቱቦ ነው፤ በሞቀ ሞተር ላይ ስለሚያልፍ ይደርቃል፣ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የድሮውን ላስቲክ ቶሎ ይበላዋል። ለኤታኖል የሚሆን አዲስ ቱቦ ተቆርጦ ሁለቱም ጫፍ በማሠሪያ ይታሠር፤ ወደ ካርቡሬተሩ የምትገባዋ ትንሽ የነሐስ ቱቦ በእጅ ስትነቀነቅ የምትላወስ ከሆነም አንድ ቀን ወጥታ ቤንዚኑን ሞተሩ ላይ ታፈሳለችና ከወዲሁ ትጠገን። የነዳጅ ማጣሪያ ሞተሩ ላይ እንዲንጠለጠል አይፍቀዱ፤ ክብደቱ ያንኑ ቱቦ ይጎትታል። ሁለተኛው ባትሪው ነው። የቢትል ባትሪ ያለው በኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ መሸፈኛው ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ወርዶ የባትሪውን ምሰሶዎች ይነካል፣ ሞላው ይግላል፣ የድሮው መሙያ ይቀጣጠላል። ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ መሆኑን ሲያስቡ ባትሪውን በማይተላለፍ ክዳን መሸፈን ዛሬውኑ የሚሠራ ሥራ ይሆናል። ሦስተኛው ከፊት ኮፈን ሥር ያለው የነዳጅ ታንክ ነው፤ ክዳኑ በደንብ ይግጠም፣ ከሥሩ የሚወጣው ቱቦም ይቀየር። የእሳት ማጥፊያ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ የሚደርሱበት ቦታ ይኑር። ጭስ ካዩ የሞተሩን ክዳን ወዲያው አይክፈቱ፤ እሳቱ አየር ካገኘ ይቀጣጠላል። ሞተሩን አጥፍተው መጀመሪያ ሰዎቹን ያውርዱ።

ከዚሁ ሳንወጣ ማሞቂያዋን ይጠራጠሩ። ሙቀቱ የሚመጣው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው፤ ጭስ ማውጫው ከበሰበሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም። ማሞቂያው ተከፍቶ ራስዎን ከከበደዎ መስኮት ይክፈቱ፣ መኪናዋን እስኪያስመረምሩም ማሞቂያውን ይዝጉት።

መብራቱ ባለ 6 ቮልት ነው፤ የሚደክመውም አምፖሉ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዛገ ግንኙነት ግማሽ ቮልት ቢበላ ለ12 ቮልት መኪና ብዙ አይደለም፤ ለ6 ቮልት ግን ከብርሃኑ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ሽቦው ከመኪናዋ አካል ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች (ግራውንዱን) ያጽዱ፣ የመብራቱን ሽቦ በወፍራም ይለውጡ፣ አንጸባራቂው የጠቆረ ከሆነም ይቀይሩ። ለክር አምፖል በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ ኤልኢዲ ማስገባት ብርሃኑን ስለሚበትነው ፊት ለፊት የሚመጣውን ያስቸግራል። የኋላ መብራቷ በዛሬ ልክ በጣም ትንሽ ነው፤ በኋላ መስኮት ውስጥ ተጨማሪ የፍሬን መብራት ማድረግ ያለ ምንም ቀዳዳ ይቻላል፣ እኔም እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም መንገዱ ላይ ያሉት ሌሎች መኪኖች ከእርስዎ ባጠረ ርቀት ይቆማሉ። የጸረ መቆለፊያ ፍሬን ከ1978 ጀምሮ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ከፊትዎ ያለው ሾፌር በሙሉ ኃይሉ ቢረግጥ ጎማው አይቆለፍም፤ የእርስዎ ግን ይቆለፋል፣ ከተቆለፈ ደግሞ መሪው አይታዘዝም። በ80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያልፋሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ አራት ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 90 ሜትር፣ ይተዉ። ሌላ መኪና በክፍተቱ ይገባል፤ ይግባ፣ እርስዎ ነዳጅ ለቀቅ አድርገው ክፍተቱን እንደገና መሥራት ነው። ፍጥነቱ ከ80 ወደ 100 ሲያድግ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራልና ለዚህች መኪና 80 ተገቢ የጉዞ ፍጥነት ነው እላለሁ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየነኩ ከመውረድ ይልቅ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሰው ይግቡ። ውሃ አቋርጠው ከወጡ ደግሞ ፔዳሉን በቀስታ እየነኩ ጥቂት ይንዱ፤ ታምቡር ውስጥ የገባ ውሃ እስኪደርቅ ሸራው ያንሸራትታል።

የልጆችዎ ነገር ቀረ፤ እዚህ ላይ ማለሳለስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መድን ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ በፊት ለፊት በከፊል አጋጭቶ ነበር። ትልቅና ከባድ የነበረችው ቤል ኤር የሾፌሩ ክፍል ተጨማደደ፤ በውስጡ ሰው ቢኖር ይሞት ነበር። የማሊቡው ሾፌር ግን የእግር ጉዳት ብቻ ይደርስበት ነበር። ቢትል ከቤል ኤር በጣም ቀላል ናት፤ ከፊቷ ያለውም የነዳጅ ታንክ ነው። ይህን ፍሬንም ሆነ ቀበቶ አይለውጠውም።

በተጨማሪም የ8 ዓመቱ ልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ የሚጠቀመው የትከሻና የወገብ ቀበቶ ሲኖር ነው፤ በወገብ ብቻ በሚታሠር ቀበቶ አይቻልም። የ5 ዓመቱም መቀመጫ በደንብ የሚታሠርበት ቀበቶ ይፈልጋል፣ የዛሬዎቹ መኪኖች ያላቸው የልጅ መቀመጫ መንጠቆም በቢትል ላይ የለም። ስለዚህ ከኋላ በሁለቱም በኩል ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው፣ በተጠናከረ መያዣ እስኪገጠም ድረስ ልጆቹ በዚህች መኪና አይሂዱ። ከተገጠመም በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በዝግታ የሚነዳበት የሰፈር ውስጥ መንገድ ከሆነ መውሰድ ይችላሉ፤ ከባድ መኪና የሚበዛበትና በ80 የሚነዳበት መንገድ ከሆነ ግን ልጆቹን በሌላ መኪና አድርሰው ቢትሏን ለብቻዎ ወደ ሥራ ይንዷት።